ለጥንቸሎቹ የሚሆን እርድ

ሃምሳ አራት ዓመቴ ነበር። ጉልበቴ ገና አልከዳኝም፣ ጥርሴም ከሁለቱ በቀር ሁሉም በየቦታው ነበር። በዚያ ዕድሜዬ «አንቺ ደብሪቱ፣ ጥንቸል ጭንሽ ላይ አስቀምጠሽ ስታበጥሪ ትውያለሽ» ያለኝ ሰው ቢኖር፣ ይሄን ሰውዬ ጠበል ውሰዱት ብዬ እጮህ ነበር።

በቀደም ዕለት ወደ ከተማ ስሄድ የተሳፈርኩበት ታክሲ ሮቦት ላይ ቆመ። እዚህ ጆሃንስበርግ ሮቦት የሚሉት የትራፊክ መብራቱን ነው። ባለቤቴ ታምራት አዲስ የመጣን ሰሞን «ሁለተኛው ሮቦት ጋ ጠብቀኝ» ተብሎ፣ የብረት ሰው ሲፈልግ ያረፈደ ሰው ነው። እና ታክሲው እንደቆመ አንዲት ሴትዮ በመስኮት አናናስ አስገብታ አፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ። «ማማ፣ ስዊት! ቬሪ ስዊት!» ሽታው ሲመታኝ ታክሲውንም፣ የሄድኩበትንም ጉዳይ ረሳሁት። ዓለም ሁሉ አፉን ሸፍኖ ቤቱ የተከተተበት ያ ዘመን ድቅን አለብኝ። ያኔ አናናስ ወርቅ ነበር። መጠጥ ተከልክሎ፣ ቢራ የለ፣ ወይን የለ፣ ሰዉ አናናስና ስኳር በባልዲ እየከደነ ጠመቃ ገባ። ሦስቱን በሃያ ራንድ እያማረጥን የምንገዛው አናናስ አንዱ ብቻውን አርባ ራንድ ተባለ፤ እሱም ከተገኘ። የጎረቤት ግቢ በሸተተ ቁጥር ታምራት «ሳኒታይዘር እየሠሩ ነው» ይል ነበር። ሲጋራም ክልክል ስለነበር አንዳንዷን እንደ መድኃኒት በወረቀት ጠቅልለው ይሸጧት ነበር። ልብስ ቤቶች ሲከፈቱ ደግሞ ቲሸርት ከጃኬት ሥር የሚለበስ ካልሆነ አይሸጥም፣ ጫማም ጣት የሚያሳይ ከሆነ ክልክል ነው ተባለ። ቫይረሱ በእግር ጣት ነው እንዴ የሚገባው እያልን እንሳሳቅ ነበር። ደግሞ አንዲት ዘፈን ነበረች፤ ፖሊሱም ነርሷም ሳህናቸውን እንደያዙ በሰልፍ የሚጨፍሩላት። ልጄ ሳባ ጥንቸል አቅፋ ትጨፍርላት ነበር። ዛሬ ያቺን ዘፈን ማንም አይከፍታትም፤ ሰው የታመመበትን አልጋ እንደማይወደው መሰለኝ።

ስለ ጥንቸሎቹ ልናገር። እኛ በዚያን ጊዜ ቮስሎሩስ በሚባለው ሰፈር የነበረንን ሱቅ ለቀን ፕሎት ላይ ገብተን ነበር። ፕሎት የሚባለው ከከተማው ወጣ ብሎ ሣርና ዛፍ ያለበት ሰፊ ግቢ ነው። ሱቁ ክፉ አልነበረም፤ ማዕዘን ላይ ነው፣ ፊት ለፊቱ የታክሲ መቆሚያ፣ ጎኑ ፀጉር ቤት፤ ጠዋት ጠዋት ከፀጉር ቤቱ በር የምትዘፍነው ሴትዮ ድምፅ አሁንም በጆሮዬ አለ። ግን ያን ሁሉ ዓመት በብረት ፍርግርግ ውስጥ ቆመን ዳቦና ኤርታይም፣ ያው የስልክ ካርድ፣ ስንሸጥ ኖረን፣ አንድ ቀን ታምራት «ዶሮ እንኳ ወጣ ብላ ትጭራለች» አለና ተነሣ። ፕሎቱን ያከራዩን አንዲት ነጭ አሮጊት ነበሩ። ሰው ሁሉ ታኒ ነው የሚላቸው፤ በእነሱ ቋንቋ እንደ አክስት ማለት ነው። ባሕር ዳርቻ ያለች ልጃቸው ጋ ሊኖሩ መሄዳቸው ነበር። ታኒ እንግሊዝኛ ሲናገሩ በአፍንጫቸው ነው፤ ታምራት ደግሞ ሲሰማ በግምት ነው። ቁልፍ ሊያስረክቡን ሲሉ «ራቢትሶቹን ይዤ መሄድ አልችልም፤ እዚሁ ብተዋቸው ቅር ይልሃል?» ይሉታል። ራቢት ጥንቸል ነው። ታምራት ግን የሰማው ራቢሽ ብሎ ነው፤ ቆሻሻ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ከደግነቱ ብዛት ጎንበስ ብሎ፣ «ኖ ፕሮብሌም ታኒ! እኛ እናቃጥለዋለን» አላቸው። አሮጊቷ ለረጅም ጊዜ ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ትከሻውን መታ አድርገው እስኪያስላቸው ሳቁ። ቀልደኛ መሰላቸው።

ዕቃችንን ይዘን የገባን ዕለት ከቤቱ ጀርባ ያለውን የቆርቆሮ ቤት ስከፍት፣ በየሽቦ ቤቱ ውስጥ የተነደፈ ጥጥ የተጠቀጠቀ መሰለኝ። ጥጡ ቀይ ዓይን ነበረው። አንድም ሁለትም አይደሉም፣ ሠላሳ ይሆናሉ፣ ሁሉም ወደኔ ዞረው አፍንጫቸውን ያንቀጠቅጣሉ።

«ታምራት!» አልኩ። «ና ራቢሽህን እየው።»

መጥቶ አየ። ኮፍያውን አወለቀ። «በይ ክብሪት አምጪ» አለኝ፤ እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም መሳቃችንን አቆምን። ምክንያቱም እኛ ጥንቸል አንበላም። መብላቱ ቀርቶ ስሙ በማዕድ ላይ አይነሣም። ታምራት ለንስሐ አባታችን ደውሎ «አባቴ፣ ጥንቸል ቤቴ ገባ፣ ምን ላድርግ?» ቢላቸው፣ «ድስት ውስጥ ነው የገባው ግቢ?» አሉት። «ግቢ» አለ። «እንግዲያ ምን ጨነቀህ? ውሻስ ግቢህ አለ አይደል?» ብለው ዘጉት።

እነዚያ ጥንቸሎች አንጎራ የሚባሉ ናቸው። ታምራት ግን አንጎላ ነው የሚላቸው፤ «እነሱም ከአገራቸው ወጥተው ነው፣ እንተዛዘን» እያለ። የሚረቡት ለፀጉራቸው ነው። በየጥቂቱ ቀኑ ይበጠራሉ፣ በየሦስት ወሩ እንደ በግ ይሸለታሉ፣ ፀጉሩ ይፈተላል። ከደመና የተረፈ ነው የሚመስለው፤ እጅሽ ላይ አስቀምጠሽው መኖሩን አታውቂም፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን መዳፍሽ ይሞቃል። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ባና በሚሠራበት ቤት ስላደግሁ እንዝርት አልጠፋኝም። ሳባ ደግሞ ፍቅር ያዛት። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የቢሮ ሥራዋን በኮምፒውተር ከቤት ነው የምትሠራው። ለያንዳንዳቸው ስም አወጣች። ዋነኛይቱን ማዳም አለቻት፤ ምግብ ስትሰጫት ዘግይተሻል በሚል ዓይን ታይሽ ስለነበር። ታኒም በስልክ ሁሉን እያስተማሯት ሳባ የአርቢዎቹ ማኅበር አባል ሆና ማዳምን ሾው ይዛ መሄድ ጀመረች። ሾው ማለት የጥንቸል ቁንጅና ውድድር ነው። የመጀመሪያው ቀን አብሬ ሄጄ አየሁት። ነጭ ካፖርት የለበሰ የተከበረ ሰው፣ ዳኛ ነኝ ብሎ፣ ጥንቸሏን አንሥቶ ጀርባዋን እንደ ትኩስ ሻይ እፍ ይልላታል። ፀጉሩ ሲከፈት ቆዳው ድረስ መታየት አለበት አሉኝ። እኔ ግን ታምራት አጠገቤ ባለመኖሩ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ ያ ሰው ይፈርድብን ነበር።

በሽታው ሲመጣ ሾው በቪዲዮ ሆነ። ጥንቸል በስክሪን ልታሳዪ፣ ክር ግን በፖስታ ልትልኪ። የክሩ ውድድር በተፈጥሮ ቀለም የተነከረ ይሁን ተባለ። ሳባ ቢጫ ፈለገች። ቢጫ ደግሞ ከእርድ ሌላ ከየት ይመጣል? እርድ እንግዲህ ያው አልጫ ላይ ጣል የምናደርገው ቢጫው ቅመም ነው። ችግሩ እንደ ልብ መውጣት የለም። የምንገዛው ፎርድስበርግ፣ ያ የህንዶቹ ቅመም ቤት ያለበት ማዕዘን ላይ ነው፤ በደኅናው ጊዜ በዚያ ስታልፊ ገና መንገዱን ሳትሻገሪ ታነጥሻለሽ። ታምራት እሄዳለሁ ብሎ በባኪው፣ በፒክአፕ መኪናችን፣ ወጣ። ፖሊሶቹ መንገድ ላይ አስቆሙትና ወዴት ነህ አሉት። «ለጥንቸል የሚሆን ተርሜሪክ ልገዛ» አላቸው፤ እውነቱን። ፖሊሱ ጓደኛውን ጠርቶ እንደገና እንዲናገር አደረገው። ሌላ ሦስተኛ ጠሩ። ለሦስተኛው ከነገረ በኋላ ወደ ቤትህ ተመለስ አሉት። «ውሸት ብናገር ኖሮ አልፍ ነበር» እያለ ሲቆጭ ዋለ።

ምን ላድርግ? የማኅበራችን ሴቶች የዋትሳፕ ግሩፕ አለን፤ ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ ቡራኬውም ወሬውም በዚያ ነበር የሚያልፈው። እኔ ደግሞ ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባ በራሴ የለቀምኩት ፊደል ስለሆነ አሳጥሬ ነው የምጽፈው። ጊዜው ሰሙነ ሕማማት ነው። እንዲህ ብዬ ላክሁ፦

«እህቶቼ እንደምን ከረማችሁ። ለጥንቸሎቹ እርድ ፈልጌ ተቸግሬአለሁ። የምታውቁ ተባበሩኝ። ከፋሲካ በፊት ቢያልቅ ደስ ይለኛል።»

ላክሁትና ጠበቅሁ። ሌላ ጊዜ «እንደምን አደራችሁ» ብትዪ አርባ ሰው የሚመልስበት ግሩፕ ጭጭ አለ። አንዷ ሁለት እጅ የተጋጠመበትን ሥዕል ላከች። አንዷ ከግሩፑ ወጣች። አንዷ ለብቻዬ በድምፅ «የኔ እህት፣ እዚህ ደረጃ እስክትደርሱ ለምን ዝም ትዪናለሽ?» ብላ አለቀሰችልኝ። እኔም እርድ ማጣቴ እንዲህ ያስለቅሳል እንዴ ብዬ፣ እንደ እሷ ያለ ሩኅሩኅ ሰው የለም አልኩ። ይሄን ለሳባ ሳጫውታት ስልኳን አወጣች፣ ሁለቴ ነካ ነካ አደረገች፣ በማግሥቱ ሁለት ኪሎ እርድ በሞተር ብስክሌት መጣ።

«ለምንድን ነው ከመጀመሪያው እንዲህ ያላደረግሽው?»

«ማዬ፣ መቼ ጠየቅሽኝ? እኔ ዳዲ ለፖሊስ ሊያስረዳ ሲሄድ ነው ያየሁት።»

ለዚያ ግሩፕ ደግሞ ውለታ አይጠፋኝምና መልሼ ጻፍኩ፦ «እህቶቼ ስለ ጸሎታችሁ አመሰግናለሁ። እርዱ ተሳክቷል። ተርፎኛል፣ የምትፈልጉ ካላችሁ ልላክላችሁ።»

ስቅለት ዕለት ትልቁን ድስት ጥጄ ክሩን በእርድ ነከርኩ። የአንጎራ ክር አይማሰልም፤ ካማሰልሽው ተጨማዶ እንደ ባርኔጣ ይደርቃል። ስለዚህ በእጄ ቀስ እያደረግሁ ነበር የማጠልቀው፤ በጓንት አይሆንም፣ ክሩን አይሰማሽም። እጄ እስከ ክርኔ ቢጫ ሆነ፤ ሳሙና አይል፣ ሎሚ አይል፣ አልለቅም አለ። ደግነቱ የፋሲካ እንግዳ የሚባል ነገር ያን ዓመት የለም። ብቻ በበዓሉ ዋዜማ የግቢያችን በር ላይ አንድ አውራ ዶሮ ከነሕይወቱ፣ ዘይት፣ አሥር ኪሎ ዱቄትና «አይዟችሁ» የሚል ብጣሽ ወረቀት አገኘን። ታምራት ዶሮውን አቅፎ «የኛ ሰው እኮ እንዲህ ነው!» ብሎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም አብሬው አቀረርኩ።

እንግዲህ ዋናው ጉዳይ የልጄ ነው። ሳባ ናትናኤል ከሚባል ልጅ ጋር ሁለት ዓመት ሆኗታል። የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። እናቱ ወይዘሮ ሙሉ ፎርድስበርግ ብርድ ልብስ ይነግዳሉ። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ቃላቸው ረጅም የሆነ ሴት። ነብር የታተመበትን ብርድ ልብስ ሁለት ጊዜ ዘርግተው አራግፈው «ይሄ ልጅሽን ይድርልሻል» ብለው የሚሸጡ። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ይላካል፣ መሰብሰብ ክልክል ስለሆነ በቪዲዮ ይሆናል ተባለና ቀን ተቆረጠ። በዚያው ሳምንት ናትናኤል ደወለ። ሳባ ስታናግረው ፊቷ ሲጠቁር አየሁ።

«እናቱ ጥንቸሎቹ ከቤታችን ካልወጡ ሽማግሌዎቹ እንዳይቀመጡ ብላለች» አለችኝ።

ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ ቆሞ ነው የሚጠይቀው። ተቀመጡ ቢባል አይቀመጥም። የመጣበት ጉዳይ ሲፈጸምለት ነው የሚቀመጠው፤ ከተቀመጠ አለቀ፣ ነገሩ ታሰረ። ካልተቀመጠ እንደቆመ ይሄዳል፤ ልጅቱም «ሽማግሌ የሄደባት» ትባላለች።

«አንቺስ ምን አልሽው?» አልኳት።

«ማዬ፣ እኔ ናቲን እወደዋለሁ። ግን ዛሬ ጥንቸሎቹን አስወጪ ያለች ሴት ነገ ምንድን ነው የምታስወጣኝ? አላስወጣም።» ከዚያ ሄዳ ማዳም ፀጉር ውስጥ አለቀሰች።

ታምራትም ልቡ ለሁለት ተከፈለ። አንዴ «ለእንስሳ ብለን ልጃችን ቁማ ትቅር?» ይላል፣ አንዴ ተነሥቶ ሣር ያጭድላቸዋል። እኔ ደግሞ ሴትዮዋ ርኩስ እንስሳ በግቢ ማኖራችንን ጠልተው ነው ብዬ ነበር ያመንኩት። ሌላ ነገር ይኖራል ብዬ አልጠረጠርኩም።

ቀኑ ደረሰ። ሳባ የሾው ዳኛዋ ቀጠሮም በዚያው ሰዓት ላይ ወድቆባታል። ስለዚህ ሳሎኑን ለሁለት ከፈልነው። በዚህ በኩል እኔና ታምራት፣ እሱ ሱፉን ለብሶ፣ እኔ ነጠላዬን ለብሼ እጄን በነጠላው ሸፍኜ፣ ፊታችን ስልክ። በዚያ በኩል ሳባ፣ ማዳምን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ በፀጉር ማድረቂያ እያራገበች፣ ፊቷ ላፕቶፕ። የማድረቂያው ድምፅ እንደ ወፍጮ ነው።

ስልኩ ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ሁለቱ ፎርድስበርግ እነ ወይዘሮ ሙሉ ቤት ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ከእነሱ ጎን የአንድ ነጠላ ጫፍ ብቅ ጥልቅ ይላል፣ እናትየው መሆናቸው ነው። ሦስተኛውና አፈ ጉባኤው ጋሽ ኤርሚያስ ናቸው። ጋሽ ኤርሚያስ የሆሳዕና ሰው፣ ፕሮቴስታንት፣ ቴምቢሳ ሰፈር ሱቅ ያላቸው፤ ከናትናኤል አባት ጋር አብረው የመጡ፣ ሲሞትም ያስታመሙት እሳቸው ስለሆኑ ከሳቸው የሚቀድም ሽማግሌ የለም። ሱቁን ለማን ይተዉት? ከነኮታቸው ባንኮኒ ጀርባ ቆመው፣ ስልካቸውን የቆርቆሮ ዓሣ ላይ አስደግፈው ነው የገቡት።

«ተቀመጡ እንጂ» አለ ታምራት፣ እንደ ደንቡ።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም። የመጣነው… የቆምነው፣ ልጃችሁን ለልጃችን…»

«ማሉሜ! ሃፍ ብሬድ!» አለች አንዲት ሴት በፍርግርጉ በኩል፤ አጎቴ፣ ግማሽ ዳቦ ማለቷ ነው።

«ብራውን ነው ዋይት? … ዋይት። … እና ዋይቷን ለልጃችን ለናትናኤል እንድትሰጡን ነው።»

ታምራት ወደኔ ዞረ። «የቷን ነው ያሉት?»

«ሳባን፣ ሳባን!» አሉ ጋሽ ኤርሚያስ። «ዋይቱ ዳቦው ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ። ሳባን ነው። ለልጅቱ እኛ ምንም የምናወጣላት የለም፤ አንድ ነገር ግን አደራ ተብለናል።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የጥንቸሎቹ ነገር ነው። እነሱ ከቤት እንዲወጡ ቃላችሁን እንፈልጋለን።»

የፀጉር ማድረቂያው ጠፋ። ወደኋላ ዞሬ ባላይም ሳባ ትንፋሿን እንደያዘች አውቃለሁ። ታምራት ከንፈሩን በምላሱ አራሰ፤ አርባ ዓመት ሊሞላን ነው አብረን፣ ያን ሲያደርግ እጅ ሊሰጥ እንደሆነ አውቃለሁ። «እንግዲህ…» አለ፣ «ለልጅ ሲባል…»

«የእርዱንም ነገር ጠይቁልኝ!» አለ ከፎርድስበርግ በኩል የወይዘሮ ሙሉ ድምፅ። «በሕማማት! ምን አስደበቃቸው!»

ታምራት ፊቱ በራ። ከከባዱ ጥያቄ የሚያውቀው ጥያቄ ስለመጣለት ደስ አለው። «እርዱማ እውነት ነው፤ ለምን እንደብቃለን?» አለ። «ሁለት ኪሎ ሙሉ ነበር።»

«ሁለት ኪሎ!» አሉ ወይዘሮ ሙሉ።

«ስቅለት ዕለት ነበር መሰለኝ የተቀቀለው። ሽታው እንዴት ግሩም ነበር መሰላችሁ! ድስቱ እስካሁን አለቀቀም።»

ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ አማተቡ።

እኔ በገንኩ። «ምን ነካችሁ?» አልኩ። «እርድ ጾም ይሽራል እንዴ? እናንተ ቤት በጾም አልጫ ላይ አይገባም?»

«አልጫ ላይ?» የወይዘሮ ሙሉ ነጠላ ብቻ ሳይሆን አሁን ራሳቸው ስክሪኑ ውስጥ ገቡ፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ። «አልጫ አድርገሽ ነው የበላሽው? ደግሞ ተርፎኛል ልላክላችሁ ትያለሽ! የክርስቲያን ልጅ፣ ጥንቸል አርደሽ!»

ነገሩ ጆሮዬ ደርሶ ልቤ እስኪገባ ትንሽ ቆየ። የግሩፑ ዝምታ፣ ያለቀሰችው ሴት፣ ዶሮው፣ ዱቄቱ፣ «አይዟችሁ»። ነጠላዬን ገፍፌ ሁለት እጄን ከነክርኔ ስልኩ ፊት ዘረጋሁ። እንደ ፀሐይ ቢጫ ነበር።

ጋሽ ኤርሚያስ ፊታቸውን አስጠጉ፤ ስክሪኑ በአፍንጫቸው ሞላ። «ይሄ… የቅመሙ ነው?»

«ታዲያ ምን መሰላችሁ!» አልኩ። «ክር ነው የነከርኩበት! የጥንቸል ክር! ማን ያርዳል፣ ቢላ ሲያይ እኮ ታምራት ራሱ ነው የሚሮጠው!»

«እርድ!» አሉ ጋሽ ኤርሚያስ። «የአልጫ እርድ!» ከዚያ አንድ ሳቅ ጀመሩ። በመጀመሪያ በአፍንጫ፣ ቀጥሎ በትከሻ፣ ቀጥሎ ባንኮኒውን በእጅ እየመቱ። የቆርቆሮ ዓሣው ተንዶ ስልኩ ተገለበጠ፤ ጣሪያ አየን። እንደገና ሲያነሡት እንባቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ፣ የለስላሳ ሳጥን ላይ ዘፍ ብለዋል።

ታምራት ከወንበሩ ብድግ አለ። «ጋሽ ኤርሚያስ!» አለ። «ተቀመጡ!»

ጋሽ ኤርሚያስ ሳጥኑን አዩት፣ ራሳቸውን አዩት። «እኔ እኮ… ወድቄ ነው።»

«ተቀምጠዋል! ማማ!» አለ ታምራት፣ በፍርግርጉ በኩል ለቆመችው የዳቦ ገዢ እየጮኸ፤ እሷም አፏን ከፍታ ስታየን ነበር። «ኢዝ ሂ ሲቲንግ?»

«ዮ! ሂ ኢዝ ሲቲንግ፣ ባባ!» አለች፣ ዳቦዋን ደረቷ ላይ አቅፋ።

«በቃ! ሽማግሌ ተቀምጧል፣ እኔም ልጄን ሰጥቻለሁ!»

«ማን አስቀመጠው! ስለ ጥንቸሎቹ ቃል መቼ ሰጡ!» ብለው ወይዘሮ ሙሉ ጮኹ። «እኔ አልተቀመጥኩም!»

«ሙሉዬ፣ አንቺ ሽማግሌ አይደለሽም» አሉ ከጎናቸው የቆሙት አዛውንት ረጋ ብለው፤ እና ጉልበታቸውን እያሻሹ እሳቸውም ተቀመጡ። ያማተቡትም ይህን ሲያዩ ወንበር ሳቡ። ለካ ሁለቱም ሰበብ ነበር የሚጠብቁት።

በዚያ በኩል ከላፕቶፑ የዳኛው ድምፅ ተሰማ፤ የተጎዳ ሰው አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሳባ መመለስ አልቻለችም፣ በሳቅም በለቅሶም መሀል ማዳምን አንሥታ እፍ ስትልላት አየሁ። ማዳም ሦስተኛ ወጣች። ክሬ ግን ምንም አላገኘም። ቀለሙ ከመጠን በላይ ደማቅ ነው ተባለ፤ እስከ ዛሬ አልዋጥልሽ ይለኛል፣ ቢጫ ምን ሊሆን ኖሯል?

ግሩፑ ውስጥ ነገሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተዳረሰ። የወጣችው ተመልሳ ገባች፣ ያለቀሰችልኝ ደውላ ስትስቅ ስልኩ ተዘጋባት። ዶሮውን እኔ ነኝ የላክሁት ብሎ ግን እስካሁን ማንም አላመነም። አሁንም ቅመም ቤቱ በር ላይ ከሴቶቹ አንዷ ካገኘችኝ «ደብሪቱ፣ የትኛውን እርድ ነው የምትገዢው?» ሳትለኝ አታልፍም። ሰርጉ የተፈቀደው ሰው ቁጥር ያህል ብቻ ተጠርቶ ግቢያችን ውስጥ ተደረገ። ሳባ ከአንጎራ የተሠራ ነጭ ሻል ደረበች፤ የሐምሌ ብርድ ነበር። ወይዘሮ ሙሉ ምግባቸውን በአገልግል ይዘው መጥተው፣ ጥግ ይዘው ለብቻቸው በሉ። እንዳያፍሩ ብሎ ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም።

በዓመቱ ወይዘሮ ሙሉ የፎርድስበርጉን ንግድ ለሰው አስተላልፈው፣ ቤታቸውንም ለቅቀው፣ ልጄ ካለበት ብለው ወደ ፕሎቱ መጡ። ከኋላ ያለችውን አንድ ክፍል ሰጠናቸው። ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይነሣ ማጭዱን ይዘው ወጥተው ለጥንቸሎቹ ሣር የሚያመጡት እሳቸው ናቸው። ምግባቸውን ግን እስከ ዛሬ ለብቻቸው፣ በራሳቸው ድስት ነው የሚያበስሉት።